«ውሸቱን ብቻ ተው»፦ ስለ ሰሜን ሸዋ ቀልደኛ የባላገር ዘፈንና ስለ ጠያቂዋ ፍቅረኛ የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ የደብረ ብርሃንና የአካባቢዋ የባህል ኪነት አባላት፣ መምህራንና ተማሪዎች፣ እንዲሁም ከመንዝ፣ ከመርሐ ቤቴ፣ ከሞረትና ጅሩ፣ ከአንኮበርና ከምንጃር ድረስ የመጣችሁ ግጥም አዋቂ እናቶችና አባቶች፣

ዛሬ የምናገረው በሰርግም በገናም በጥምቀትም ሰው ሁሉ ስለሚስቅበት፣ ነገር ግን እንደ ቅኔና እንደ ፉከራ በቁም ነገር ተይዞ ሲመረመር ብዙም ስለማይታይ አንድ የባላገር ዘፈን ነው። «ይህን አምጣ፣ ያንን ግዛ፣ እዚያ ድረስልኝ» እያለች እረፍት የምትነሳውን ፍቅረኛውን ወይም ሚስቱን እያነሣ ወንዱ የሚያዜመው፣ እሷም በበኩሏ የምትመልስለት ቀልደኛ የፍቅር ዘፈን ማለቴ ነው። ይህ ዘፈን በተፈጥሮው ሁለት ወገን ያለው ክርክር ነው። የጠያቂዋ ድምፅ ከተቆረጠ ቀልዱ ይበላሻል፣ ፍቅሩም ቀስ በቀስ ወደ ስድብ ይለወጣል። እናንተ ይህን ዘፈን ወደ መድረክና ወደ ስቱዲዮ የምትወስዱት ወጣቶች የእሷን ወገን ይዛችሁ እንድትወጡ ልለምናችሁ መጥቻለሁ።

በንግግሬ የማሰማቸውን ግጥሞች በዘፈኑ ልክና ጠባይ ለምሳሌ ብዬ የገጠምኳቸው እኔው ነኝ። የማንንም ዘፋኝ ሥራ ወይም የማንንም ቤተሰብ ገመና ሳልነካ ነገሩን ለማሳየት ይህን መንገድ መርጫለሁ።

ከግጥሙ አካል ልነሣ። የአማርኛን የግጥም ልኬት ያጠኑ ሰዎች፣ በተለይም ባለቅኔው መንግሥቱ ለማ፣ እንዳስረዱን አንዱ የታወቀ ልክ ወል ቤት ነው። ስንኙ ዐሥራ ሁለት ቀለም አለው፤ ከስድስተኛው ቀለም በኋላ ያርፍና ሌላ ስድስት ይቀጥላል። ሰንጎ መገን አምስት በአምስት፣ ቡሄ በሉ ደግሞ አራት በአራት ይሄዳል። የጠያቂዋ ዘፈን ለወል ቤት በጣም ይመቻል፤ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ቀለማት አንድ ነገር ይታዘዛል፣ በቀሩት ስድስት ሌላ ይታዘዛል፤ ትእዛዙ ትንፋሽ ሳይሰጥ ይደራረባል። አድማጩ ገና የመጀመሪያውን ዕቃ በሐሳቡ ሲጭን ሁለተኛው ይመጣበታል። አውጪዋ፣ ማለትም ግጥሙን እያወጣች ዘፈኑን የምትመራው ሴት፣ እንዲህ ትላለች እንበል፦

በጓሳ ቤት ክደን፣ ጅሩ ሰንጋ ግዛ፣
ከምንጃር ጤፍ ጭነህ፣ ቶሎ ና ሳትዋዛ።

ሰሜን ሸዋን የማያውቅ ሰው እዚህ ላይ ሦስት ዕቃ ብቻ ይሰማል። የአገሩ ሰው ግን ከመሳቁ በፊት መንገዱን ይለካል። ጓሳ፣ የክዳን ሣሩ የሚበቅልበት አገር፣ በመንዝ ጫፍ በስተሰሜን ነው፤ ጅሩ ወደ ምዕራብ፣ ምንጃር ደግሞ በስተደቡብ ናቸው። አንዲት ሴት በሁለት ስንኝ አንድን ሰው ዞኑን በሙሉ አዙራ፣ በስተመጨረሻ «ቶሎ ና» ብላዋለች። ወንዙንና ዳገቱን፣ ውርጩንና ጭጋጉን የምታውቁ እናንተ ናችሁ። ከመንዝ ተራራ እስከ ጀማ ሸለቆ፣ ከጣርማ በር አፋፍ እስከ ሸዋ ሮቢት ቆላ ድረስ ያለው ውጣ ውረድ በእግር የሚሄድን ሰው ምን እንደሚያደርገው ለናንተ መንገር አያስፈልግም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2800 ሜትር ያህል ስትሆን ሸዋ ሮቢት 1300 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ደገኛዋ የቆላ ፍሬ ስታምራት፣ ቆለኛዋ የመንዝ ባና፣ ያን የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ፣ ስታዝዝ፣ በመካከላቸው ያ ሁሉ ገደል አለ። የዚህ ዘፈን ግማሽ ቀልድ የተቀመጠው በአገሩ አቀማመጥ ላይ ስለሆነ ግጥሙን አዲስ አበባ ወስደን የቦታዎቹን ስም ብናወጣበት ከሳቁ ብዙ እንቀንሳለን።

ስለ ጓሳ ግን ጥቂት ልቆይ፤ ምክንያቱም ከሦስቱ ትእዛዞች ሁሉ የከፋው እሱ ነው። የመንዝ ጓሳ ከ3200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው፣ ስፋቱም 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ የሣር አገር ነው። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ይኖሩበታል። ሣሩ ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ ዝናብ የሚከላከል ገሳ ይሠራበታል። ይህ ሣር እስከ ዛሬ የቆየው ዝም ብሎ አይደለም። አቅኚ አባቶች ከሚባሉት ከአስቦና ከጌራ ወገን የሚመረጡ አባ ቄሮዎች ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ይጠብቁት ነበር። ሥርዓቱ ጓሳውን ሦስት፣ አራት፣ አንዳንዴም አምስት ዓመት በተከታታይ ይዘጋዋል፤ ሣሩ ሲደርስ በአዋጅ ይከፈትና ባለ መብቱ ሁሉ ገብቶ ያጭዳል፣ ከዚያ እንደገና ይዘጋል። በተከለከለበት ጊዜ ገብቶ ማጨድ ያስቀጣል። የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ የቄሮውን ሥርዓት አፈረሰው፤ በኋላ ግን ሕዝቡ በራሱ መተዳደሪያ ደንብ ጥበቃውን መልሶ አቋቁሞታል። እንግዲህ በዚህ አገር አንዲት ሴት «በጓሳ ቤት ክደን» ብላ ስታዝዝ የምትጠይቀው ሸክም ሣር ብቻ አይደለም። ጓሳው ክፍት በሆነበት ዓመት ከሆነ የታታሪ ባል ሥራ ጠየቀች፤ በተዘጋበት ዓመት ከሆነ ደግሞ ወይ ሌባ ሁንልኝ፣ ወይ አምስት ዓመት ጠብቀኝ ማለቷ ነው። የመንዝ ሰው ይህን ሲሰማ የሚስቀው ሕጉን ስለሚያውቅ ነው። ሕግ የማያውቅ አድማጭ እዚህ ላይ መሳቂያውን አያገኝም።

ወንዱ እንዴት ይመልሳል?

ጓሳው ተከልክሏል፣ ሰንጋው ውድ ሆነብኝ፣
ጤፉን ላምጣ ብልም፣ አህያው ሞተብኝ።

ሦስት ትእዛዝ፣ ሦስት ማመካኛ። የመጀመሪያው ማመካኛ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ሕግ ነው፣ ማንም አይከራከረውም። ሁለተኛውም እውነት ነው፤ የጅሩ ገበሬ በቤቱ አስሮ በእንክብካቤ የሚያደልበው በሬ በአዲስ አበባ ገበያ ስሙ የተጠራ ስለሆነ ዋጋውን ማንም አይጠራጠርም። ሦስተኛው ላይ ግን ሰውየው ተንሸራተተ። ከሁለት እውነት ጋር አንድ ውሸት አስጠጋ። የባላገር ግጥም አዋቂ ማመካኛዎቹን በዚህ ቅደም ተከተል የሚያስቀምጠው በድንገት አይደለም፤ ለመልሱ በር እየከፈተ ነው። መልሱም ይመጣል፦

አህያ ሳይኖርህ፣ ምኑ ነው የሞተው፣
ማጣትህስ ይሁን፣ ውሸቱን ብቻ ተው።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ሳቁ በማን ላይ እንዳረፈ እንይ። ዘፈኑ ሲጀምር የሚሳቀው በሴቲቱ ነበር፤ ምኞቷ ከአቅም በላይ ነው፣ አገር የሚያዞር ነው። በሦስተኛው ጥንድ ስንኝ ግን ሳቁ ዞሮ በወንዱ ላይ ወደቀ፤ የተሳቀበትም በድህነቱ ሳይሆን የሌለውን አህያ በመግደሉ ነው። ሴቲቱ ድህነቱን አስቀድማ ታውቀዋለች፣ ይቅርም ብላዋለች። የምትቆጣጠረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እንዳይዋሻት። ያ ሁሉ የጓሳ፣ የሰንጋና የጤፍ ዝርዝር ሰውየውን ለመፈተን የተዘረጋ ነበር ማለት ነው። የሚያስቀው ዘፈን የፍቅር ዘፈን የሚሆነውም በዚህ ስንኝ ነው። አሁን ሦስተኛውን ጥንድ ስንኝ አውጡና የቀረውን ዘምሩት፤ የሚተርፈው ሆዳም ሴትና ምስኪን ወንድ ነው፤ እንደዚያ ያለውን ዘፈን ማንም፣ የትም አገር ሊዘፍነው ይችላል። አንድ በሬ ብቻ የተጠመደበት ቀንበር ማለት ነው፤ ይንቀሳቀሳል፣ ግን አያርስም።

አንዳንድ ሰዎች «ሴቲቱ ለምን ትጠይቃለች? ባህላችን ሴትን ጠያቂ አድርጎ መሳሉ አያዋርዳትም ወይ?» ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን ያለው በጋብቻ ሥርዓታችን ውስጥ ነው። በዚህ አገር በሰማንያ የምትጋባ ሴት ባዶ እጇን አትገባም። በርስት ሥርዓት ዘመን መሬት በአባትም በእናትም በኩል ይወረስ ስለነበር ሴት ልጅም የርስት ጠያቂ ነበረች። ሲጋቡ የሁለቱም ወላጆች ከብት ወይም ገንዘብ ያቋቁሙላቸዋል፤ እሷ ይዛ የመጣችው በምስክር ፊት ይነገራል። ቢፋቱ የየራሳቸውን ይይዛሉ፣ አብረው ያፈሩትን ይካፈላሉ። ጥሎሹም ቢሆን በድብቅ የሚሰጥ አይደለም። ቀሚሱ፣ ነጠላው፣ ድሪው፣ አልቦው በአደባባይ ተዘርግቶ ይታያል፤ የሙሽራዋ ወገኖች «አነሰ» ይላሉ፣ የሙሽራው ወገኖች «በዛ እንጂ» ይላሉ፣ ሽማግሌ ያስማማል። መጠየቅ እንግዲህ የውሉ አካል ነው። በዘፈኑ ውስጥ «አምጣ» የምትለዋ ሴት ለማኝ አይደለችም፤ ከጎጆው ድርሻ ያላት ሰው ናት። ድርሻ ያለው ሰው ደግሞ ይጠይቃል፣ ይጠየቃልም።

ስለሚጠየቅ ነው ዘፈኑ በተራው በወንዱ ላይ የሚዞረው። ጠያቂ ፍቅረኛ ሲባል ሁልጊዜ ሴት ትመስለናለች፤ በሴቶቹ ረድፍ በኩል የቆመ ሰው ግን የሌላውን ጠያቂ ታሪክ ይሰማል። ጠላው አልጠራም፣ ገንፎው ቀጠነ፣ በሶው አልተበጠበጠም የሚለውን ባል ሴቶቹ በአንድ ድምፅ ያነሡታል። ለምሳሌ ይህን ውሰዱ፦

ላሟን ሸጦ ጠጣ፣ ቤት ሲገባ ማታ፣
ቅቤው የታል ይላል፣ ድስት ከፍቶ በርጋታ።

በዚህ ግጥም ላይ ሥራ የሚሠራው ቃል የመጨረሻው ነው። ሰውየው ቢቆጣ፣ ቢሳደብ፣ ቢያንኳኳ ኖሮ ተራ የሰካራም ወሬ በሆነ ነበር። እሱ ግን ምንም እንዳላደረገ ሰው በእርጋታ ድስት ይከፍታል። ሴቶቹ ይህን ቃል ሲደርሱ ዜማውን ራሱን ያረዝሙታል፤ አንዷ ድስት እንደሚከፍት ሰው እጇን ታነሣለች፤ ከበሮ መቺዋ ለአፍታ ትገታለች። ግጥሙ የተጻፈበትን ወረቀት ብቻ የሚያነብ ሰው ይህን ሁሉ አያገኘውም።

ወንዶቹ ዝም ካሉ ተሸነፉ ማለት ነው፤ ዝም ደግሞ አይሉም፦

ሽጣት ያልሽኝ አንቺ፣ አዲስ ጥለት አምሮሽ፣
ላሚቱ ይኸውና፣ አለች ከትከሻሽ።

ይህ መልስ መጠጣቱን አልካደም። ይልቁንስ የላሚቱ ዋጋ ሁለት ቦታ እንደሄደ አስታወሰ፤ ግማሹ አረቄ ቤት፣ ግማሹ ባለ ጥለት ነጠላ ሆኖ ትከሻዋ ላይ። አድማጩ አሁን ማን ጥፋተኛ እንደሆነ መፍረድ አይችልም፣ እንዲፈርድም አይፈለግም። ባልና ሚስት በቤታቸው ቢናገሩት ድንጋይ የሚያወራውራቸውን ነገር በሰርግ ሜዳ፣ በከበሮና በጭብጨባ መካከል፣ ዘመድ እየሰማ ተናግረውት በሳቅ ተለያዩ። እኔ ለዚህ ዘፈን ያለኝ ክብር የሚመነጨው ከዚህ ነው። በቁጣ ቢነገር የሚያጣላውን ቅሬታ በልክና በቤት አስሮ፣ ሰው ፊት አውጥቶ፣ ለመልስ አመቻችቶ የሚያስቀምጥ ሕዝብ ትልቅ ጥበብ ይዟል።

የትእዛዙ ዝርዝር ከዘመን ዘመን ይለዋወጣል፤ በዚህም ዘፈኑ የኢኮኖሚ ታሪክ መዝገብ ይሆናል። አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ በነበረችበት በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከግርጌዋ ያለው የአልዩ አምባ ገበያ የደጋው እህልና የቆላው ሸቀጥ የሚገናኙበት ትልቅ ገበያ ነበር። ከአፋር ምድር የሚመጣው አሞሌ ጨው ወጥ ማጣፈጫም መገበያያ ገንዘብም ስለነበረ፣ በዚያ ዘመን ለፍቅረኛው አሞሌ ያመጣ ሰው ዛሬ ጥሬ ብር ይዞ እንደገባ ሰው ነው። ቀጥሎ የጣሪያ ቆርቆሮ መጣ፤ የጓሳ ክዳን የሚያኮራው ቤት ከቆርቆሮው ጎን ሲቆም አሮጌ መሰለ። በ1950ዎቹ መጨረሻ ደብረ ብርሃን ላይ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ሲቋቋም ከመንዝ በግ ጠጉር በእጅ ተፈትሎ በሚሠራው ባና ጎን የፋብሪካ ብርድ ልብስ ቆመ። ዛሬ ደግሞ ስልክ አለ፣ ባጃጅ አለ፣ ከተማ ውስጥ ቦታ አለ። አሮጌው ዝርዝር እየተረሳ ስለሆነ ከእናቶች አፍ መልቀም አለብን፤ አዲሱንም መናቅ የለብንም። ስልክ የምትጠይቀዋ ልጅ አያቷ አሞሌ ከጠየቀችበት ወግ አልወጣችም። የምትወጣው መልስ የማይሰጣት ጊዜ ነው።

መልሱ እንዴት እየተቆረጠ መጣ? አንዱ ምክንያት ድምፅ መቅረጫው ራሱ ይመስለኛል። ከኢትዮጵያውያን ሁሉ አስቀድመው ድምፃቸውን በሸክላ ካስቀረጹት መካከል ስማቸው በቀዳሚነት የሚነሣው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ የዚህ አገር ልጅ፣ የምንጃር ተወላጅ ናቸው። በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1908፣ ወደ ጀርመን ተልከው የአውቶሞቢል ሙያ ሲማሩ ዘፈኖቻቸውን በሸክላ አስቀርጸዋል። ባለ ቅኔነታቸውና ጨዋታ አዋቂነታቸው እስከ ዛሬ ይተረካል፤ እኛም ልንኮራባቸው ይገባናል። ነገር ግን የዚያ ዘመን ሸክላ በአንድ ገጹ የሚይዘው ሦስት አራት ደቂቃ ብቻ ነበር። ሰርግ ሜዳ ላይ ከምሽት እስከ ንጋት የሚሄድ ክርክር በሦስት ደቂቃ አይገባም። አንድ ድምፅ፣ አንድ ማሲንቆ፣ የተመረጡ ጥቂት ስንኞች፤ ከዚያ ሸክላው ያልቃል። ከዚያ በኋላ የመጡት ካሴቶች ረጅም ቢሆኑም ልማዱ ያው ሆኖ ቀጠለ። ዘፋኙ የሚታወቅ ስም ያለው አንድ ሰው ሆነ፤ በሰርጉ ላይ ግማሹን ዘፈን የያዘችው መላሽ ግን «ተቀባይ» ተብላ ከኋላ ቆመች፤ ሥራዋም የእሱን ስንኝ መልሶ ማዜም ብቻ ሆነ። በአዝማሪ ቤት እንኳ አንድ እንግዳ «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ሲወረውር አዝማሪው ተቀብሎ፣ አሻሽሎ፣ አንዳንዴም ገልብጦ ይመልስለታል። በመድረካችን ላይ ያ እንኳ ጠፍቷል።

ይህ የደረሰው በእኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ካንትሪ የሚባለው የባላገር ሙዚቃ እ.ኤ.አ. ከ1920ዎቹ ጀምሮ በሬዲዮና በሸክላ ሲስፋፋ፣ የተጣላ ባልና ሚስት፣ ነዝናዛ ፍቅረኛ፣ ገንዘብ አባካኝ ሚስት፣ ጠጪ ባል ዋነኛ የቀልድና የእንጉርጉሮ ርእሶቹ ነበሩ። እዚያም ወንዱ ብዙ ዘፍኗል፣ ሴቷ ብዙ አዳምጣለች። እ.ኤ.አ. በ1952 ግን ሃንክ ቶምፕሰን የተባለው ዘፋኝ የሴትን ክህደት የሚወቅስ ዘፈን አውጥቶ ተወዳጅ ሲሆን ኪቲ ዌልስ የምትባል ዘፋኝ በሌላ ዘፈን መልስ ሰጠችው፤ ለሴቷ መሳሳት ወንዱም ተጠያቂ ነው አለች። ያ መልስ በአገሩ የካንትሪ ሙዚቃ ሰንጠረዥ ላይ አንደኛ ወጣ፤ ለብቻዋ የዘፈነች ሴት በዚያ ሰንጠረዥ አንደኛ ስትሆን እሷ የመጀመሪያዋ ነበረች። በኋላም፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ፣ ሎሬታ ሊንና ኮንዌይ ትዊቲ እየተመላለሱ በሚዘፍኗቸው የጥንድ ዘፈኖች ባልና ሚስት ፊት ለፊት ቆመው ሲነቃቀፉ ሕዝቡ ወዶ አዳምጧቸዋል። ይህን የምጠቅሰው የእኛ ዘፈን በፈረንጅ ሚዛን እንዲለካ ፈልጌ አይደለም። እነሱ በሸክላና በሬዲዮ ዘመን መልሱን መልሰው ሲያመጡት አድማጭ እንዳልሸሸ፣ እንዲያውም እንደ ጎረፈ ማየት ስለሚጠቅመን ነው። «ሁለት ወገን ከተዘፈነ ይረዝማል፣ ሰው ይሰለቻል» የሚለኝን አዘጋጅ የምመልሰው በዚህ ነው።

በመድረኮቻችን ላይ የማየው ነገር ያሳስበኛል። የሰሜን ሸዋ ጭፈራ ሲቀርብ አንገቱና ትከሻው ይሠራል፣ የምንጃሩ ዝላይ አለ፣ ልብሱ ያምራል፤ ቀልዱ ሲመጣ ግን አንድ ወንድ ማይክሮፎን ይዞ ስለ ጠያቂዋ ሚስቱ አሥር ስንኝ ያወርዳል፤ ከጎኑ ያለችው ሴት ከንፈሯን አጣምማ፣ ወገቧን ይዛ፣ ያለ አንድ ቃል ትወናውን ትጨርሳለች። የሠፈሯ አውጪ ብትሆን ኖሮ እሱ ሁለተኛውን ስንኝ ሳይጨርስ መልሱን ትነጥቀው ነበር። ተዋናይዋ ችሎታ አጥታ አይደለም፤ ጽሑፉ ቃል አልሰጣትም። እንዲህ ያለውን ዘፈን የሚያዩ ልጆች ደግሞ የባላገር ሴት መልስ የሌላት ሆዳም እንደሆነች ይማራሉ። ይህ በመንዝ ሴት ላይ፣ በቡልጋ ሴት ላይ፣ በመርሐ ቤቴ ሴት ላይ የተነገረ ሐሰት ነው። እኔ ይህን በቀላሉ ማለፍ አልችልም።

ቀልዱ ሁሉ ግን ጠብ ብቻ ነው ብላችሁ እንዳትወጡ። ጥሩ አውጪ ክርክሩን የት ላይ እንደምታላላው ታውቃለች። ሰውየው የቆላውን መንገድ ሄዶ፣ ብርቱካን ታዞ በመጣበት ጊዜ በሰንጎ መገን እንዲህ ስታሾፍበት ቆይታ፦

ብርቱካን ብዬ፣ ቆላ ብሰደው፣
ልጣጩን ብቻ፣ ለኔ ሰደደው።

ሰዉ በሳቅ ሲፈነዳ፣ እሱም አፍሮ ራሱን ሲያክክ፣ ወደ ወል ቤት ተመልሳ ዜማውን ዝቅ ታደርግና ይህን ትጨምራለች፦

ያዘዝኩት ቢገኝም፣ ያዘዝኩት ባይገኝም፣
አንተ ሳትመለስ፣ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ከፊት ያለው ትእዛዝ ሁሉ ባይኖር ይህ ስንኝ ተራ የናፍቆት ቃል ነው፤ ከትእዛዙ በኋላ ሲመጣ ግን ክብደቱ ሌላ ነው። በወንዶቹ ረድፍ ያሉት ሽማግሌዎች እንኳ እዚህ ላይ ጭብጨባቸውን ያለሰልሳሉ። ስለዚህ ዘፈኑን ለመድረክ የሚያሳጥር ሰው ከመካከል ቢቀንስ ይሻለዋል፤ መጨረሻውን ከቆረጠ የሴቲቱን ልብ ቆረጠ።

አሁን ወደ ሥራው ልምጣ። ከጥምቀት በኋላ እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ያለው ወቅት የሰርግ ወቅት ስለሆነ ብዙዎቻችሁ ወደየአገራችሁ ትሄዳላችሁ፤ ሁላችሁም በኪሳችሁ ድምፅ የሚቀርጽ ስልክ አላችሁ። ስልኩን አውጪው አፍ ሥር አታስጠጉት፤ እንዲያ ከሆነ ከሸክላው ዘመን አልወጣንም። በወንዶቹና በሴቶቹ ረድፍ መካከል ቁሙ፤ የሁለቱም ድምፅ እኩል ይግባ። ከመቅረጻችሁ በፊት ባለቤቶቹን አስፈቅዱ፤ ቀልዱ የእውነተኛ ሰው ገመና ሊነካ ይችላልና ስም የተነሣበትን ስንኝ ያለ ፈቃድ አታሰራጩ። ማን እንዳወጣው ብቻ ሳይሆን ማን እንደመለሰው፣ ከየትኛው ስንኝ በኋላ እንደሳቁ፣ ከበሮው የት ላይ እንደተገታ ማስታወሻ ያዙ። የቦታ ስም ሲነሣ ቦታው የት እንደሆነ፣ ምን እንደሚመጣበትና በዚያ ዓመት መንገዱ እንዴት እንደነበረ ሽማግሌ ጠይቁ። ጓሳ ከተነሣ በዚያ ዓመት ክፍት ነበር ወይስ ዝግ ብላችሁ ጻፉ። ወደ መድረክ ስታመጡት ደግሞ ለሴቷም ማይክሮፎን ስጧት። መልሱን አስቀድማችሁ ጽፋችሁ አታስጠኗት፤ ግጥም የምታውቅ ከሆነች የእሱን ስንኝ ሰምታ እዚያው ትምታለት፤ ልምምዳችሁም ከዚህ ይጀምር።